ዱቄት አይፈራም

ልጄ ከፈተናው ስትመለስ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ከእርምጃዋ አወቅኩ። ሁልጊዜ እየዘለለች የምትወጣው ልጅ ያን ቀን እያንዳንዱን ደረጃ እየረገጠች ወጣች። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ አልራቅኩም። ከቤት ከወጣች በኋላ ሊደርስባት የሚችለውን ሁሉ በሐሳቤ አድርሼባት ነበር፤ መኪና ገጭቷት፣ ወገቧ ተቀጭቶ፣ ደረጃ ላይ ተንከባልላ። ስለዚህ በሁለት እግሯ ቆማ በሩ ላይ ሳያት መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው።

«ተጎዳሽ?» አልኳት።

«አልተጎዳሁም። አላለፍኩም።»

መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችኝ። ከጣቶቿ ሥር ያለው ቆዳ ተልጦ ቀልቷል። ውኃ ላመጣ ስነሳ «ተይው እማ» ብላ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ደም ማቆም፣ የተሰበረ ማሰር፣ ትንፋሽ መመለስ፣ ሁሉንም ታውቃለች። አምቡላንስ ላይ ለመመደብ ግን አንድ ፈተና ይቀራታል። ከአንድ ጓደኛ ጋር ሆና ሰው የተቀመጠበትን የበሽተኛ መሸከሚያ ወንበር ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ማውረድ አለባት። አንዱ ከኋላ የወንበሩን ጀርባ ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ሆኖ፣ ፊቱን ወደ በሽተኛው አዙሮ የኋሊት ይወርዳል። ወንበሩ ምድር ሳይደርስ ደረጃው ላይ ካረፈ ፈተናው እዚያው ያበቃል። ልጄ የፊቱን ነበር የያዘችው።

«መሐል ላይ እጄ ከዳኝ» አለች ጣሪያውን እያየች። «አስቀመጥኩት። ጉልበት የለኝም፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሉሻል?»

«ከሁለት ወር በኋላ አንድ ዕድል አለ። እሱም ካመለጠኝ ስልክ ክፍል ነው የሚመድቡኝ። ሰው ሲደውል አድራሻ መቀበል።»

ስልክ ክፍል። ወዲያው በዓይኔ መጣ፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን ግድግዳ። የሚከንፍ መኪና የለ፣ ጨለማ ደረጃ የለ፣ የሰው ደም የለ። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን እስከዚያች ደቂቃ አለማወቄ ገረመኝ።

«ስልክም እኮ ሥራ ነው» አልኳት፣ ያዘንኩ ለመምሰል እየሞከርኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ ደስ ብሎሻል።»

«ማን? እኔ?»

«ፊትሽ ያሳብቅብሻል።»

ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። አመሻሽ ላይ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቧ ተቀመጠና መዳፏን አገላብጦ አየ። «እኔም መቀስ የጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ተልጬ ነበር» አለ። «እጅ ይለምዳል። አልለምድ ያለው የእናትሽ ልብ ነው።»

ጂም ቤት የሚገኘው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ልጄ እስክትመደብ ድረስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሸጥ ስለነበር ከሥራ ወጥታ እስክትደርስ ይዘጋል። የእኛ ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍልና አንድ ቀጭን ኮሪደር ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጉልበት ከየት ይመጣል ብዬ ነገሩን ያለቀለት አድርጌ ተውኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን መዳፏ ሲደርቅላት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የእኛን መኝታ ክፍል ስትቃኝ አገኘኋት። ከዚያ ተንበርክካ አልጋው ሥር ገባች።

ስለ አልጋው ሥር መናገር ይኖርብኛል። እኔ ሳልዘጋጅ የምተኛ ሰው አይደለሁም። ውኃ ቢጠፋ ብዬ ጀሪካኖች ሞልቼ አስቀምጣለሁ፤ እንዳይበላሽ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየደፋሁ አዲስ እሞላለሁ። መንገድ ቢዘጋ ብዬ ዱቄት በጆንያ አለኝ። እሳት ቢነሳ በባልዲ አሸዋ አለ። እሳቱ ደረጃውን ቢይዘው ደግሞ በመስኮት የምንወርድበት ወፍራም ገመድ አለ፤ በገመዱ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ ሁሉ ወስኛለሁ። ባለቤቴ «አደጋ መከላከያ» ነው የሚለኝ። «አደጋ መከላከያ፣ ሻይ አለ?» ይለኛል።

ልጄ ያን ሁሉ ጎትታ አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ደረደረችው።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«እማ፣ ይኼ እኮ ጂም ነው።»

«ይኼ ለመከራ ቀን ነው።»

«መከራው እስኪመጣ ድረስ እኔ ላንሳው።»

እንዲህ ተጀመረ። አስተማሪያቸው ድሮ ቃሬዛ ተሸካሚ የነበረ ሰው ነው። ከቀላል ጀምሪ፣ ወገብሽን አታጉብጪ፣ በእግርሽ ተነሺ፣ ሲቀልሽ ጨምሪበት ብሎ ነግሯታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጀሪካኖቹን እስከ ግማሽ አጎደለቻቸው። ያን ውኃ ስታፈስ፣ ነገ ቧንቧው ቢደርቅስ ብዬ ሮጬ በድስት ተቀበልኳት። በአንድ እጇ አንድ፣ በሌላው ሌላ ጀሪካን ይዛ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ የዱቄቱን ጆንያ እንደ ሕፃን አቅፋ ቁጢጥ ትላለች፣ ትነሳለች። በመጨረሻ ገመዱን ከአሸዋው ባልዲ ጋር ታስርና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ባልዲውን በእጇ እየሳበች ወደ ራሷ ታመጣዋለች። መልሳ ወስዳ እንደገና ትስባለች።

እኔ ጀሪካን ስትይዝ ከኋላ ከኋላዋ ትራስ ይዤ እከተላት ነበር።

«ትራሱ ምን ያደርጋል?»

«ድንገት ብትወድቂ።»

«የምወድቀውማ በአንቺ ተደናቅፌ ነው።»

«ወገብሽ ይንሸራተታል። ነገ ዛሬ ልጅ እወልዳለሁ ስትዪ ሰውነትሽ እምቢ ቢልሽስ?»

«አባትየው ይገኝና ያኔ እሱም ጀሪካን ይይዛል» አለችና አልፋኝ ሄደች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች ያለው ቀለም ቀቢ ነበር። ረጅም ሰው ነው፤ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ቀለም አይጠፋም።

«ይቅርታ እትዬ፣ ከላይ ወፍጮ ተከላችሁ?»

ክው አልኩ። ይኸው ሊከሰን ነው፣ ከቤቱ ሊያስወጣን ነው ብዬ በሩን በሰውነቴ ከለልኩ። እሱ ግን ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ ልጄን አያት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ የአሸዋ ባልዲ ትስባለች። ነገሩን ነገረችው። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰምቶ ወደ ቤቱ ወረደና፣ ወለል ላይ የሚያነጥፈውን በቀለም የደረቀ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ።

«ይኼን ከባልዲው ሥር አድርጊበት። ድምፁም ይቀንሳል፣ ሲጎተትም ይከብዳል። ሁለታችንም እንጠቀማለን።»

ሳምንታት አለፉ። መዳፏ ጠነከረ። ጀሪካኖቹ እስከ አንገታቸው ሞሉ፣ እኔም ውኃዬ ስለተመለሰልኝ እፎይ አልኩ። መያዣቸው ቀጭን ነው ብላ የአባቷን የፀጉር ቤት ፎጣ ጠቀለለችበት፤ ወፍራም ሲሆን ጣት የበለጠ ይሠራል አለች። አንድ ቅዳሜ ከኋላው ልጥረግ ብላ የመኝታ ክፍላችንን ትልቅ ቁም ሣጥን ብቻዋን ገፋችው። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ማንም ነቅንቆት አያውቅም። ለመብራት መጥፋት ብዬ ደብቄ ቦታውን የረሳሁት ሻማ ከኋላው ተገኘ። ደስ ብሎኝ ላቅፋት ስል እሷ ቀድማ ወገቤን ይዛ ከመሬት አነሳችኝ። ጩኸቴን ቀለም ቀቢው ሰምቶ በሕይወት መኖሬን ለማየት ወጣ።

ያኔ ነው ደረጃው ላይ መለማመድ እንዳለባት የነገረችው። «አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል» አለች።

«እኔ ቀኑን ሙሉ መሰላል ነው የምሸከመው» አለ። «መሰላል ደግሞ አያወራም። ለለውጥ ያህል ከሰው ጋር ልሸከም።»

ከአሮጌ መሰላሉ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ነቅሎ አመጣ። የወጥ ቤታችንን ወንበር በዘንጎቹ መካከል አድርጎ፣ ግራና ቀኙን በእኔ ገመድ ጠፍሮ አሰረው።

«ገመዱን ከቆረጥከው» አልኩት «እሳት ቢነሳ በምን ልንወርድ ነው?»

«እሳት ቢነሳማ እትዬ ወንበሩ ዝግጁ ነው። እንደ ንግሥት ተቀምጠው ይወርዳሉ።»

መጀመሪያ የዱቄቱን ጆንያ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ጀሪካን ጨምረው ይዘው ወረዱ። ልጄ ከፊት የኋሊት፣ እሱ ከላይ። ምድር ደርሰው ተመለሱ። ሌላ ቀን አንድ ሌላ ጀሪካን ጨመሩ፤ ያም ሆነ። ቀጥሎ ባለቤቴን አስቀመጡት። እሱ ጋዜጣውን ይዞ ተቀመጠና ገና ከመነሳታቸው ማንበብ ጀመረ። እኔ ከኋላ ትራሴን አቅፌ በየደረጃው ትንፋሼን እየያዝኩ ተከተልኩ። ወንበሩ አንድም ቦታ መሬት ሳይነካ ምድር ደረሰ። ባለቤቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ደረስን እንዴ?» አለ። ልጄ ፈተናውን ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ወደ ላይ ተመልሰን ሻይ ስቀዳ ሁሉም ያለፈች ያህል ያወራሉ። እኔ ብቻ አልተዋጠልኝም።

«ሰውየው እንደ አባትሽ ባይሆንስ?» አልኩ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ፈተናው ላይ የምትሸከሚው። አባትሽ ቤት ቢቃጠልም ጋዜጣውን የሚጨርስ ሰው ነው። ያኛው መሐል ላይ ራሱን ቢስትስ? ቢያስመልሰውስ? ከባድ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድልስ? ደንግጦ አንገትሽ ላይ ቢጠመጠምስ? የደረጃውን ብረት አልለቅም ብሎ ቢይዝስ?»

«አደጋ መከላከያ» አለ ባለቤቴ፣ «እስቲ ሻዩ ይጠጣ።»

ልጄ ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ይዟል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ማን?»

«ሰውየው። ባለፈው ፈተና የተሸከምኩት። የሚፈራ በሽተኛ ሁን ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ እጁን ልኮ ብረቱን ያዘ። ወንበሩ ዞረ፣ እጄ ተጠመዘዘ... እኔ ጉልበት አነሰኝ ብቻ ነው ያልኩት። ለምን እንዳነሰኝ አላሰብኩም።»

ቀለም ቀቢው ቅንድቡን እያከከ ጆንያውን አየ። «ዱቄት አይፈራም» አለ። ቀጥሎ ባለቤቴን አየ። «ጋሼም አይፈሩም። እንግዲህ የሚፈራ ሰው ያስፈልገናል።»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እንኳ ጉልበቴን ያመኛል» አልኩ።

«አትሄጂበትም፣ ትቀመጪበታለሽ» አለ ባለቤቴ።

ያን ወንበር ለስንት ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬበታለሁ፤ ያን ቀን ግን የማላውቀው ሰው ወንበር መሰለኝ። በደረቴ በኩል በነጠላዬ አሰሩኝ። ልጄ ከፊቴ ጎንበስ ብላ ዘንጎቹን ያዘች፣ ቀለም ቀቢው ከኋላዬ። ሲያነሱኝ እግሬ መሬቱን ለቀቀ፣ ሆዴ ግን እዚያው የቀረ መሰለኝ። ደረጃው ከፊቴ እንደ ገደል ቁልቁል ወረደ። ለማስመሰል አልነበረም፤ እጄ የራሱ ሐሳብ ያለው ይመስል ሄዶ ብረቱን ያዘ። ወንበሩ ተጠመዘዘ፣ የልጄ ትከሻ ከግድግዳው ተላተመ።

«ኧረ እትዬ» አለ ከኋላዬ።

አስቀመጡኝ። ልጄ ትከሻዋን አሸት አሸት አደረገችና «እንደገና» አለች። እንደገና ያዝኩ፣ እንደገና አስቀመጡኝ።

«እማ፣ አትያዢ።»

«እኔ መች ያዝኩ? እጄ ነው።»

በሦስተኛው ጊዜ ብረቱን ስይዝ ልጄ አላስቀመጠችኝም። አልጎተተችኝምም። ቆመች። አንድ እግሯ በአንዱ ደረጃ፣ ሌላው በታችኛው፣ የእኔ ክብደት እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ዝም ብላ ቆመች።

«እማ፣ እኔን እዪኝ። ደረጃውን ተዪው።»

አየኋት። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ። ክንዷ ላይ ድሮ ያልነበረ ጅማት ተገትሯል።

«አልቸኩልም» አለችኝ። «ብረቱን እስክትለቂ ድረስ እዚሁ ነኝ።»

«እጅሽ ይዝላል።»

«አይዝልም። ያንቺን ዱቄት ስንት ቀን ነው ያቀፍኩት?»

«የእኔ ግን ሊዝል ነው» አለ ቀለም ቀቢው ከኋላ።

«አንተ ዝም በል» አለችው ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይኼን ድምፅ ከሷ ሰምቼው አላውቅም። የልጅ ድምፅ አይደለም፣ የቁጣም አይደለም። «እኔ አንቺን ይዣለሁ። አንቺ ራስሽን ያዢ። እጅሽን አምጪና ራስሽን እቀፊ።»

ጣቶቼን ተራ በተራ ከብረቱ ላይ አላቀቅኩ። የመጨረሻዋ ጣቴ ትንሽ አንገራገረች። ከዚያ ክንዶቼን ደረቴ ላይ አመሳቅዬ ራሴን አቀፍኩ። ልጄ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ኋላ መውረድ ጀመረች። ምድር እስክንደርስ ዓይኗን ብቻ አየሁ። ስለ ደረጃው የማስታውሰው ነገር የለም።

ካወረዱኝ በኋላ ቶሎ አልተነሳሁም። ልጄ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እጇን አራገፈች።

«ባለፈው ሰውየው ብረቱን ሲይዝ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ጎተትኩት። ሳያመልጠኝ ልጨርስ ብዬ ተጣደፍኩ። ቆሜ ልለምነው አልችልም ነበራ፤ ከቆምኩ እጄ ይለቃል።»

«አሁንስ?»

«አሁን መቆም እችላለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የየዕለቱ በሽተኛ እኔ ሆንኩ። ከሥራ እንደገባች ጀሪካኗን ይዛ ኮሪደሩን ትመላለሳለች፣ ጆንያዋን አቅፋ ትነሳለች፣ ከዚያ ቀለም ቀቢውን ጠርታ እኔን ታወርደኛለች። ከላይ ያሉ ጎረቤቶች ሲወጡና ሲወርዱ «ዛሬስ ተሻለዎት?» እያሉ እንደ እውነተኛ ሕመምተኛ ይጠይቁኝ ጀመር። ባለቤቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ሳይቀር አውርቶታል።

አንድ ቀን ታዲያ ያልጠበቅነው ችግር መጣ። ምድር ደርሰን ልጄ ቅር ብሏት አየችኝ።

«እማ፣ ዛሬ አልያዝሽም።»

«ጎበዝ ሆንኩ ማለት ነው።»

«ጎበዝ እንድትሆኚ አይደለም እኮ የምንፈልገው። እንደ አባዬ ከሆንሽ ምን እጠቀማለሁ?»

እኔም ገረመኝ። ያ ሆድ የሚያስቀር ነገር ጠፍቷል፤ ልክ እቤቴ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ከመነሳታችን በፊት ክፉ ክፉውን ማሰብ ግዴታዬ ሆነ። ዘንጉ ተሰብሮ፣ ቀለም ቀቢው አስነጥሶት፣ ሕንፃው ተነቃንቆ። ለዚህ ሥራ የሚያንሰኝ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም በአንድ ጊዜ በሁለት እጄ ብረቱን መያዝ ጀመርኩ። ልጄ ትቆማለች፣ ታናግረኛለች፣ እለቃለሁ፣ እንወርዳለን። እያደር የምትቆምበት ጊዜ እየረዘመ፣ ክንዷም እየረጋ ሄደ።

ፈተናው ሊደርስ ሰሞን ባለቤቴን «ድምፅዋን ሰምተኸዋል?» አልኩት። «ስታወርደኝ የምታወራበትን።»

«ያ ድምፅ ለስልክ ይሆናል እያልሽ ነው?» አለኝ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

«ስልክ ሰው አይዝም» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። ባለቤቴ ሻዩን ጠጣ።

በፈተናው ቀን እንዳልመጣ ልጄ አስጠንቅቃኝ ነበር። እኔም አልሄድም ብዬ ነበር። የማሠልጠኛው ግቢ በሽቦ አጥር የታጠረ ነው። መሐሉ ላይ ለልምምድ የተሠራ ከፍ ያለ ሕንፃ አለ፤ የብረት ደረጃው በውጭ በኩል እየተጠማዘዘ ስለሚወርድ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሁሉም ይታያል። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ተቀምጧል።

«ማንን ፈልገው ነው እናቴ?»

«ማንንም። መንገድ አልፌ ነው።»

«አጥሩን ይዘው ነው እንዴ መንገድ የሚያልፉት?»

እጄን አየሁት። ሽቦውን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። አልለቀቅኩም። ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

ጥቂት ጥንዶች አለፉ፣ ጥቂቶች አስቀመጡ። ከዚያ ልጄ ከላይ ታየች። ከኋላ የያዘላት የክፍሏ ልጅ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን፣ ፈጣሪዬ፣ ባለቤቴን አንድ ተኩል የሚያህል ሰፊ ራሰ በራ ሰው ነው።

«እሱ የኛው ሾፌር ነው» አለ ዘበኛው። «ስንቱን ጣለ።»

ወገቧ ይንሸራተታል። ብረቱ ዝናብ ነክቶት ያዳልጣል። የጫማዋን ክር አላየሁላትም። እኔ ይኼን ሁሉ ሳስብ እነሱ መውረድ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዙር ወረዱ። በሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሰውየው ድንገት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ብረቱን አነቀው። ወንበሩ ዞረ። ከኋላ ያለው ልጅ ተንገዳገደ።

ልጄ ቆመች።

የምትለው አይሰማኝም ነበር፤ መስማትም አላስፈለገኝም። ከንፈሯን አይቼ አብሬያት አልኩት። «አልቸኩልም። እስክትለቅ ድረስ እዚሁ ነኝ።» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ እምቢ አለ። እሷ አልተነቃነቀችም። ሁለት እግሯን ሁለት ደረጃ ላይ እንደተከለች ቀረች። ከታች ቆሞ የሚፈትነው ሰው ሰዓቱን ሲያይ አየሁ። ሰዓት ይቆጠራል ብላ አልነገረችኝም።

«ምነው አትጎትተውም?» አለ ዘበኛው።

«አትጎትትም» አልኩት። «እሱ ራሱን ይያዝ።»

ራሰ በራው አንድ እጁን አነሳ። ቆየት ብሎ ሌላውን አነሳ። ያን ትልቅ ደረቱን በክንዶቹ አቀፈ። ልጄ ራሷን ነቅነቅ አደረገችለት፣ አንድ እግሯንም ወደ ኋላ ወደ ታችኛው ደረጃ አወረደች። ቀጥሎ ሌላውን። ወንበሩ ምድር ላይ ሲያርፍ ድምፁ እንኳ አልተሰማም። ሾፌሩ ተነስቶ የልጄን ክንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ለሚፈትነው ሰው አንድ ነገር ተናገረ፤ ያም ሳቀ፣ ጽፎም እጇን ጨበጣት።

«አለፈች» አለ ዘበኛው። «እናቷ ነዎት፣ አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ራስዎን አቅፈው ነው የቆሙት።»

ልጄ ስትወጣ አጥሩ ሥር አገኘችኝ። «አልመጣም አላልሽም?»

«መንገድ አልፌ ነው» አልኳት።

እስከ ቤት አብረን በእግራችን ሄድን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አምቡላንስ ላይ ትወጣለች፤ የሌሊት ተራም ይኖራታል። እኔም ከወዲሁ ብዙ አስቤያለሁ፣ ለሷ ግን ገና አልነገርኳትም። ቤታችን ሥር ስንደርስ ሁለት እጇን አንጠልጥላ «እማ፣ ዛሬ አንቺ ተሸከሚኝ፣ ጣቶቼ አይታጠፉም» አለችኝ። ቦርሳዋን ተቀበልኳትና ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። ውስጡ ምን እንደያዘች እንጃ፣ ከባድ ነው። ግን ተሸከምኩት።

ወንበሩን ፈትተን ወደ ወጥ ቤት፣ ጆንያውን ወደ አልጋው ሥር መመለስ አለብን እያልኩ ደረጃውን ጀመርኩ። እጄ እንደ ልማዱ ብረቱን ያዘ። ልጄ ከኋላዬ አይታ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አልኳት። «አሁን የተሸከመኝ ሰው የለ። ብረቱን የሠሩት ለእኔ ነው።»